የቤታችን የኢንተርኔት ስልክ ድምፅ መቆራረጥ፦ የፍተሻና የማስተካከያ ሥራ ማስታወሻ

ሥራው ሲጀመር የነበረው ሁኔታ

ቤታችን በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኢንተርኔት የሚገባልን በቴሌቪዥን ኬብል ሲሆን፣ በውላችን መሠረት የመቀበያ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ሜጋቢት፣ የመላኪያ ፍጥነቱ ደግሞ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ሞደሙ ከራውተሩ፣ ራውተሩ ደግሞ ከስልክ አዳፕተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ተያይዘዋል። አዳፕተሩ ድምፅን እየቆራረሰ ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ የመረጃ ጥቅሎች የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ተራ የስልክ ገመድ የገመድ አልባው ስልክ ማስቀመጫ ላይ ይሰካል።

ስልኩን ከሁላችንም በላይ የምትጠቀምበት እናቴ ናት። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ባሉት ወራት በእኛና በአዲስ አበባ መካከል የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ እርሷም ከመተኛቷ በፊት እኅቶቿ ቡና ሳያፈሉ ትደርስባቸዋለች። በዚያ ሰዓት ከወዲያ በኩል የሚመጣው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ እስቲ ድገሚልኝ።» ቤተሰቡም «የኢትዮጵያ ኔትወርክ ነው» ብሎ ነገሩን ዘግቶት ቆይቷል።

ይህ ብያኔ ገና ከመነሻው አላሳመነኝም። በኢንተርኔት ስልክ የሚሄደው ድምፅና የሚመጣው ድምፅ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። እናቴ እኅቶቿን በደንብ ትሰማቸዋለች፤ የማይሰሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ብልሽቱ ያለው ከእርሷ አፍ እስከ እነርሱ ጆሮ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ የዚያ መንገድ የመጀመሪያው ክፍልና ከሁሉም የጠበበው ደግሞ የራሳችን ቤት መላኪያ መስመር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፦ የማይሰማው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ

በሰው ጆሮና በሰው ትዝታ ላይ ላለመመሥረት ድምፃችንን የሚይዝ መፈተሻ ያስፈልገኝ ነበር። ቀላሉ ዘዴ የራስን ሞባይል ዘግቶ ከቤት ስልክ ወደ እርሱ መደወልና በድምፅ መልእክት ሣጥኑ ውስጥ ከአንድ እስከ ሃምሳ ድረስ በእርጋታ መቁጠር ነው። መልእክቱ በኋላ ሲደመጥ የጠፋው ቁጥር ወይም የተቆረጠው ክፍለ ቃል በግልጽ ይታወቃል፤ የጥሪው ሰዓት ስለሚመዘገብም መረጃው ለንጽጽር ይመቻል። ጥሪው ከአሜሪካ ስለማይወጣ የኢትዮጵያ ኔትወርክ በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም።

ጠዋት የተቀዳው መልእክት ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነበር። ማታ እናቴ በምትደውልበት ሰዓት የተቀዳው ግን ከሃያዎቹ ጀምሮ ተበጣጠሰ፤ አንዳንዱ ቁጥር መነሻው፣ አንዳንዱ መድረሻው የለም፤ በሠላሳዎቹ አካባቢ ተከታታይ ቁጥሮች እንዳሉ ጠፍተዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ተሰናበተች።

በዚያው ምሽት፦ ገመድ አልባውን ስልክ ከጥርጣሬ ማውጣት

ገመድ አልባ ስልክ የራሱ ሬዲዮ ስላለው ድምፅ ሊያበላሽ ይችላል። የእኛው ዴክት 6.0 የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአሜሪካ ይህ ዓይነት ስልክ የሚሠራው በ1.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከዋይፋይም ከማይክሮዌቭ ምድጃም ጋር አይጋጭም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ግን ከሁለቱም ጋር ይጋጫሉ። ያም ሆኖ ከመገመት መሞከር ስለሚሻል፣ ባለገመድ አሮጌ ስልክ በቀጥታ አዳፕተሩ ላይ ሰክቼ ቆጠራውን ደገምሁ፤ መቆራረጡ ያው ነው። አዳፕተሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ የተገናኘ በመሆኑ ዋይፋዩም አብሮ ከተጠርጣሪነት ወጣ።

ሰኞ፦ ፍጥነት ይጨመር የሚለው ምክር

የስልክ አገልግሎት አቅራቢውን ድርጅት አነጋገርሁ። ሠራተኛው የአዳፕተሩን የመረጃ ገጽ ከርቀት ተመልክቶ የጠፋ ፓኬት እንደሌለና መስመራችን ንጹሕ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቀጥሎም ከፍ ያለ የኢንተርኔት ፍጥነት እንድንገዛ መከረኝ።

ሁለቱንም ነጥቦች መመርመር ይገባል። አዳፕተሩ በዚያ ገጽ ላይ ጎልቶ የሚያሳየው ራሱ የተቀበላቸውን ፓኬቶች ነው፤ የላካቸው በሌላኛው ጫፍ መድረስ አለመድረሳቸውን የሚያውቀው ተቀባዩ መልሶ ሪፖርት ሲልክለት ብቻ ነው። የእኛ ችግር በምንልከው ድምፅ ላይ ስለሆነ፣ የምንቀበለው ንጹሕ መሆኑ ቀድሞም ያልተጠየቀ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ያለው ሰው «የጠፋ ፓኬት የለም» ሲባል የትኛው አቅጣጫ እንደተለካ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ስሌቱን ማስቀመጥ በቂ ነው። ጂ 711 የተባለው ከ1972 ጀምሮ የቆየው የድምፅ መለወጫ ስልት፣ ማለትም ኮዴክ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ድምፅ ያመነጫል። አዳፕተሩ ይህንን በየ20 ሚሊሰከንዱ እየቆረጠ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል፤ በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት የአድራሻና የመለያ መረጃ ስላለ ድምሩ በሰከንድ 80 ኪሎቢት ይሆናል፤ በቤት ውስጥ ገመድ ላይ የሚጨመረው ሲታሰብም 87 ገደማ ነው። የእኛ መላኪያ 10,000 ኪሎቢት ነው። አንድ ጥሪ የመስመሩን አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ችግሩ ከመስመሩ ስፋት ይልቅ ፓኬቶቹ በሰዓታቸው ከመድረሳቸውና ካለመድረሳቸው ላይ መፈለግ አለበት።

ረቡዕ ማታ፦ መስመሩ ሥራ ሲበዛበት መለካት

ፒንግ የሚባለውን መለኪያ፣ ማለትም ትንሽ ፓኬት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚቆጥረውን፣ ወደ ስልክ አቅራቢው አገልጋይ ኮምፒውተር አስነሣሁ። መጠኑን 172 ባይት አደረግሁት፤ የራሱ 28 ባይት መለያ ሲጨመርበት 200 ባይት ስለሚሆን ከጂ 711 የድምፅ ፓኬት ጋር እኩል ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲልክም አዘዝሁት፤ ለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ፒንግ ሲሠራ በሰከንድ አንድ ብቻ ስለሚልክ፣ ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ መስተጓጎል በመካከል ሾልኮ ሳይታይ ያልፋል።

መስመሩ ሥራ ፈት ሳለ የደርሶ መልስ ጊዜው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር፤ መዋዠቁም ትንሽ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ መቶዎች ዘለለና ከ700 በላይ ሆኖ ቆየ፤ አልፎ አልፎ የሚጠፋም ፓኬት ታየ። ራውተሩ ላይ ማን እየላከ እንደሆነ ስመለከት የልጆቹ ስልኮች ናቸው። ማታ ቻርጅ ላይ ይሰኳቸዋል፤ ስልኮቹም በዋይፋይና በቻርጅ ላይ መሆናቸውን ሲያዩ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ ማከማቻ መጫን ይጀምራሉ። አንድ ጊጋባይት ቪዲዮ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ለመላክ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ከየስልኩ ተደምሮ ሲሄድ የእናቴን የጥሪ ሰዓት እንዳለ ይሸፍነዋል። ለአዲስ አበባ ንጋት የተመረጠው ሰዓት ልጆቹ ስልካቸውን ከሚሰኩበት ሰዓት ጋር ስለገጠመ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ በኢትዮጵያ ቴሌኮም ላይ ሲወድቅ ኖሯል።

አንድ ጥሪ የመስመሩን አንድ በመቶ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሌሎቹ ቢልኩ ምን ይጎዳዋል? የሚጎዳው ሞደሙ ውስጥ ያለው ወረፋ ነው። ሞደሙ መላክ ከሚችለው በላይ ሲመጣበት ትርፉን ከመጣል ይልቅ በማከማቻው ያቆየዋል፤ 700 ሚሊሰከንድ የሚያስጠብቅ ወረፋ በእኛ ፍጥነት ሲሰላ አንድ ሜጋባይት ገደማ መረጃ ተደርድሮ ይጠብቃል ማለት ነው። ወፍጮ ቤት አንድ ቁና ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው አሥር ኩንታል ካስጫነ ነጋዴ ኋላ ቢሰለፍ፣ የእርሱ እህል ለወፍጮው የደቂቃ ሥራ ቢሆንም የሚመለሰው ነጋዴው አስፈጭቶ ሲጨርስ ነው። የእናቴ ድምፅም እንዲሁ ከቪዲዮው ኋላ ይቆማል። በሌላኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ የፓኬቶችን አደራረስ የሚያስተካክልበት የራሱ አጭር መጠበቂያ አለው፤ እርሱ ከሚታገሠው ጊዜ በላይ የዘገየ የድምፅ ፓኬት ቢደርስም ስለማይጠቅም ይጣላል። ለሰሚው ጆሮ ዘግይቶ የተጣለውና ጨርሶ የጠፋው አንድ ናቸው።

ይህ ጠባይ በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ በ2010 እና በ2011 ገደማ በራሱ ቤት መስመር ላይ ተመልክቶት «ባፈርብሎት» የሚለውን ስም ሰጥቶ በሰፊው አስተዋወቀው። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 «ኮዴል» የተባለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ዘዴ አቀረቡ፤ ከእርሱ የተወለደው «ኤፍ ኪው ኮዴል» ደግሞ በ2018 የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ሆኖ ታትሟል። ዘዴው የእያንዳንዱን ላኪ ፍሰት በየራሱ ወረፋ ይለያል፤ ጥቂት ጥቂት የሚልከውንም በቶሎ ያሳልፋል።

ዘመዶቻችን «ስልኩን ትታችሁ በቴሌግራም ደውሉ» ይሉናል። ምክሩ በቅን ልቦና ቢሰጥም የቴሌግራም ድምፅም የሚወጣው በዚያው ሞደም ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጆቹ ራሳቸው ጨዋታቸው እንደሚጎተትባቸው ሲያማርሩ ነበር።

ቅዳሜ፦ ወረፋውን ከሞደሙ ማውጣት

የነበረን ራውተር «ለድምፅ ቅድሚያ ስጥ» የሚል ምርጫ ነበረው። አበራሁት፤ ቆጠራውን ደገምሁ፤ ለውጥ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዳፕተሩ የድምፅ ፓኬቶቹን 46 በተባለው የቅድሚያ ምልክት እያተመ ይልካል፤ ራውተሩም ምልክቱን አክብሮ ያስቀድማቸዋል። ነገር ግን ከራውተሩ ወደ ሞደሙ የሚወስደው ገመድ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ስለሚያሳልፍ በራውተሩ ደጃፍ ወረፋ የለም፤ ወረፋ በሌለበት ቅድሚያ መስጠትም ትርጉም የለውም። ወረፋው ያለው ሞደሙ ውስጥ ነው፤ ሞደሙ ደግሞ ምልክቱን አይመለከትም።

ስለዚህ ራውተሩ ሞደሙ መላክ ከሚችለው በጥቂቱ ባነሰ ፍጥነት እንዲልክ መገደብ አለበት። ያን ጊዜ ወረፋው ወደ ራውተሩ ይዛወርና እኛ በምናዝዘው ሥርዓት ይመራል። አሮጌው ራውተር ይህን ስለማይችል፣ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበል ያገለገለ ራውተር ገዝቼ ሶፍትዌሩን ጫንሁበት። በውስጡ ኤስ ኪው ኤም የሚባለው ጥቅል ኤፍ ኪው ኮዴልንም ኬክ የተባለውን አዲሱን ዘዴም ይዟል፤ እኔ ኬክን መረጥሁ።

የሚሞላው ዋነኛ ቁጥር አንድ ነው። በውሉ ላይ ያለውን 10 ሜጋቢት ወስዶ ከመጻፍ ይልቅ በተለያየ ሰዓት ለክቶ ከዝቅተኛው መነሣት ይሻላል። የእኛ መላኪያ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 11.2 ሜጋቢት ይሰጣል፤ ገደቡን 9.8 ላይ አደረግሁት። ገደቡ ለመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት በጣም ከቀረበ ወረፋው ወደ ሞደሙ ይመለሳል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ የከፈልንበት ፍጥነት ይባክናል። በመቀበያው በኩል ምንም ገደብ አላደረግሁም። ሦስት መቶ ሜጋቢት እየለየ ለማሳለፍ የራውተሩ አንጎለ ኮምፒውተር አቅሙ አይበቃም፤ ቅሬታም የመጣው በዚያ በኩል አይደለም።

ማታ ልጆቹ ስልካቸውን ሰክተው ቪዲዮው እየተጫነ ሳለ ፒንጉ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቆየ። የቪዲዮው መጫን ከዚህ በፊት ከሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ቢዘገይም ማንም አላስተዋለውም። ቆጠራው ከአንድ እስከ ሃምሳ ሙሉ ሆኖ ተቀዳ፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቅጽበታዊ ቁርጠት ተሰምቷል። ሁለቱን ቁርጠቶች ለይቼ መዘገብሁ።

ሰኞ፦ በራውተር መለወጥ የመጣ ሌላ ጉዳይ

አዲሱ ራውተር ከገባ በኋላ ወደ ውጭ መደወል ቢቻልም የሚደወልልን አንዳንድ ጥሪ ሳይጮኽ ወደ መልእክት ሣጥን ማለፍ ጀመረ። ራውተር ከውስጥ የወጣን ግንኙነት መልስ እንዲገባለት በሩን ለጊዜው ከፍቶ ያቆያል፤ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካላለፈበት ግን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ የጥሪ ምልክት መግቢያ ያጣል። በአዳፕተሩ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱን ሕያው የሚያደርግ ምልክት በየ20 ሰከንዱ እንዲልክ አዘዝሁት፤ ጥሪዎቹም መግባት ጀመሩ። በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ በርቶ የሚመጣውን «ሲፕ ኤ ኤል ጂ» የተባለ አገልግሎትም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። የስልክ ጥሪን ለመርዳት ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ በጥሪ መልእክቶቹ ውስጥ ያለውን አድራሻ እየቀየረ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበትን ጥሪ በመፍጠር ይታወቃል። የኢንተርኔት ስልክ ያለው ሰው ራውተሩ ላይ ቢያገኘው ማጥፋት ይሻለዋል።

ሐሙስ፦ የቀሩት ቁርጠቶች

ያ ቅጽበታዊ ቁርጠት ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓትም ይሰማ ነበር፤ ስለዚህ ከወረፋ ጋር የተያያዘ አይደለም። በሰከንድ 50 የሚልከውን ፒንግ ረዘም ላለ ጊዜ ትቼ ስመለስ፣ መዘግየቱ ሳይጨምር ተከታታይ ፓኬቶች ባንድ ጊዜ እየጠፉ እንደነበር አየሁ። መዘግየት ሳይኖር የሚጠፋ ፓኬት ወደ መስመሩ አካላዊ ሁኔታ ይጠቁማል።

አብዛኞቹ የኬብል ሞደሞች በ192.168.100.1 አድራሻ የሚከፈት የሁኔታ ገጽ አላቸው። የእኛው ላይ የመላኪያ ኃይሉ 51 ዲቢኤምቪ (በኬብል ላይ ያለ የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ተጽፏል፤ ይህ ሞደሙ ሊልክ ከሚችለው ጣሪያ የተጠጋ ቁጥር ነው። የመቀበያው ኃይል ከዜሮ በታች 9 ነበር። በክስተት መዝገቡ ውስጥም «ቲ 3» የሚባለው ማስጠንቀቂያ ተደጋግሟል፤ ሞደሙ ለኬብል ድርጅቱ መሣሪያ ልኮ በጊዜው መልስ ሲያጣ የሚመዘግበው ነው። ሲጠቃለል ሞደሙ ለመሰማት ያለ ኃይሉን እየጮኸ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ጊዜ አይሰማም።

ገመዱን ከግድግዳው ጀምሬ ተከተልሁት። ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ነዋሪዎች የተዉት ባለ አራት መውጫ ማከፋፈያ ተገኘ፤ ሞደሙ በአንዱ መውጫ ላይ ሲሆን ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባለ አራት መውጫ ማከፋፈያ በእያንዳንዱ መውጫ 7 ዴሲቤል ገደማ ያጠፋል፤ ይህም ሲገባም ሲወጣም ነው። ማከፋፈያውን አውጥቼ ሞደሙን በቀጥታ ከግድግዳው አገናኘሁ፤ በጣት ብቻ ታስሮ የነበረውን ማያያዣም በመፍቻ አጠበቅሁት። የመላኪያ ኃይሉ ወደ 44 ወረደ፤ መቀበያው ወደ ዜሮ በታች 2 ተሻሻለ። የቲ 3 ማስጠንቀቂያ ከዚያ በኋላ አልተመዘገበም፤ ተከታታይ የፓኬት መጥፋቱም ቆመ።

በግሌ ከዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹና ቀላሉ ይኸኛው ስለሆነ በቅድሚያ መታየት የሚገባው ይመስለኛል። የሞደሙን ገጽ ለመክፈት ገንዘብም ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም፤ የመስመር ጥገና ባለሙያ ሲጠራም ቁጥሮቹን ጽፎ መያዝ ንግግሩን ያሳጥራል።

እሑድ፦ የገደል ማሚቶ

ድምፁ ሲጠራ ቀድሞ በመቆራረጡ ተሸፍኖ የነበረ ሌላ ቅሬታ ብቅ አለ፦ እናቴ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር ስትነጋገር የራሷን ድምፅ መልሳ ትሰማለች፤ ከሌሎች ጋር ስትነጋገር ደግሞ የገዛ ድምፃቸው ተመልሶ የሚሰማቸው እነርሱ ናቸው።

እዚህም ላይ ጥያቄው ማን ይሰማል የሚለው ነው፤ መልሱ ግን ከመቆራረጡ በተቃራኒው ይነበባል። የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ ያለው በእርሱ ቤት ሳይሆን በተነጋጋሪው ጫፍ ነው። ድምፁ እዚያ ደርሶ ከድምፅ ማጉያው ወደ መናገሪያው ይገባል፤ ወይም ባለሁለት ሽቦው የስልክ መስመር ከአራት ሽቦው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይንጸባረቅና ይመለሳል። መመለሻው ከ30 ሚሊሰከንድ ገደማ በላይ ሲዘገይ ጆሮ ይለየዋል፤ የረጅም ርቀት ጥሪ ላይ ጎልቶ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

እናቴ የራሷን ድምፅ የምትሰማው አንዲት እኅቷ ሞባይሏን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቃ ስታነጋግራት ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንድትይዝ ስትጠየቅ ማሚቶው ወዲያው ጠፋ። ሌሎቹ የገዛ ድምፃቸውን የሚሰሙት ግን ከእኛ የተነሣ ነው፤ የእናቴ መስማት ስለደከመ የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ነበር። እርሷ የምትሰማውን መቀነስ ስለማይገባ፣ በአዳፕተሩ ላይ ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደውን ድምፅ በ3 ዴሲቤል ዝቅ አደረግሁ፤ ማሚቶ ማጥፊያው መብራቱንም አረጋገጥሁ። የገደል ማሚቶው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ስለ እርሱ የሚያነሣ ሰው የለም።

ማክሰኞ፦ ኮዴክና የካርድ ቁጥር

አዳፕተሩ በቅድሚያ ጂ 729 የተባለውን ኮዴክ እንዲመርጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ይህ ከ1996 ጀምሮ ያለ ስልት ሲሆን ድምፅን ወደ 8 ኪሎቢት ይጨምቃል፤ ጠባብ መስመር ላለው ጥሩ መፍትሔ ነው። ለእኛ ግን ቁጠባው አያስፈልግም፤ ፓኬት ሲጠፋም ጉዳቱ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ጂ 711ን ቀዳሚ አደረግሁ። በሁለቱም ከ3,400 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ድምፅ ስለማይተላለፍ «ሰ»ና «ፈ» በስልክ መምታታታቸው ይቀጥላል፤ ስም ሲነገር ፊደል መቁጠር አይቀርም።

እናቴ አንዳንድ ጊዜ የጥሪ ካርድ ትጠቀማለች፤ የካርዱን ቁጥር ስታስገባ «የተሳሳተ ቁጥር» የሚል መልስ ይበዛባት ነበር። የቁልፍ ድምፆች እንደ ንግግር ተጨምቀው ሲላኩ ይዛባሉ፤ ስለዚህ አዳፕተሩ ቁልፎቹን ከድምፁ ለይቶ እንደ ምልክት እንዲልክ የሚያደርገውን ምርጫ፣ አር ኤፍ ሲ 2833 የተባለውን፣ አበራሁ። ካርዱ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በመጀመሪያው ይቀበላል።

ቅዳሜ፦ በእኛ እጅ የሌለው ክፍል

አሁን የሚቀረው ወደ ኢትዮጵያ ሲደወል ያለው መዘግየት ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ እስከ አዲስ አበባ ያለው የቀጥታ ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መስመሩ ምንም ሳይጠማዘዝ ቢሄድ እንኳ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ 58 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ግን ቀጥታ አይሄዱም። በዚህ ላይ የአዳፕተሩ ማሸጊያ፣ የተቀባዩ መጠበቂያና የሞባይል ኔትወርኩ ይደመራሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ 114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ባንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለው መዘግየት ለአብዛኛው ጥቅም እንደማያስቸግር፣ ከ400 ማለፍ ግን እንደማይገባ አስቀምጧል። የእኛ ጥሪ በሁለቱ መካከል እንደሚውል እገምታለሁ፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ መናገር ጀምረው ባንድ ጊዜ ዝም የሚሉበት ሁኔታ አሁንም ያጋጥማል። በራውተሩ ላይ ያለን ገደብ ያነሣልን የቤታችንን 700 ሚሊሰከንድ እንጂ የውቅያኖሱን ርቀት አይደለም።

ለቀጣይ ክትትል

አሁን ያሉት ቅንብሮች በወረቀት ተጽፈው ሞደሙ ጎን ተለጥፈዋል፦ የመላኪያ ገደብ 9.8 ሜጋቢት፣ የሕያውነት ምልክት በየ20 ሰከንዱ፣ ቀዳሚ ኮዴክ ጂ 711፣ የሚላክ ድምፅ ከዜሮ በታች 3 ዴሲቤል፣ የሞደም መላኪያ ኃይል 44። አቅራቢው የአዳፕተሩን ሶፍትዌር ከርቀት ሲያድስ የኮዴክ ቅደም ተከተሉ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ስለሚችል ከእድሳት በኋላ መታየት አለበት። የኢንተርኔት ውላችን ከተለወጠም የመላኪያ ፍጥነቱ እንደገና ተለክቶ ገደቡ ይስተካከላል። የሞደሙ መላኪያ ኃይል ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከ48 በላይ ከወጣ ከቤት ውጭ ያለው ማያያዣ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ጊዜ የኬብል ድርጅቱ ባለሙያ እንዲመጣ ይጠየቃል።